ክርክር፦ ወላጅን በምግብ መጥራት ይበጃል?

በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች አካባቢ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) አንድ ሐሳብ አቅርቧል። ቤተሰቦች በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ የቤታቸውን ምግብ ይዘው መጥተው ከመምህራንና ከሌሎች ወላጆች ጋር ይብሉ የሚል ነው። አንድ ጊዜም ተሞክሯል። አንዲት መምህርትና አንድ አባት አልተስማሙበትም።

መምህርቷ፦

ለስብሰባ የሚመጡልን ሁልጊዜ እነዚያው አሥራ አምስት ወላጆች ናቸው፤ አማርኛ የሚቀናቸው፣ እጅ ለማውጣት የማያፍሩ። ኮዬ ፈጬ ግን ዕጣ ያሰባሰበው ሰፈር ነው። ከመርካቶ የመጣውም፣ ከወላይታ የመጣውም በአንድ ደረጃ ይወጣል ይወርዳል። ከብሎኮቹ ጀርባ ደግሞ እኛ ሳንመጣ መሬቱን ያርሱ የነበሩ የኦሮሞ ቤተሰቦች አሉ። ልጆቻቸው በዚሁ ግቢ በአፋን ኦሮሞ ይማራሉ፤ የእኔዎቹ በአማርኛ። ወላጆቹ በር ላይ ይተላለፋሉ እንጂ አይተዋወቁም።

በዚያ ቅዳሜ ከኮንሶ የመጡ አንዲት እናት ኩርኩፋ ይዘው መጡ፤ ዱቄቱ ተድቦልቡሎ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የተቀቀለ። ሁለት ዓመት ልጃቸውን ሳስተምር ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅም። ጭኮ ይዘው የመጡ የሰፈሩ ነባር እናት ቅጠሉን እያነሡ ጠየቋቸው። አንዳቸውም አማርኛው አይቀናቸውም፤ ግማሹን በእጅ ተነጋገሩ። ሳህኑ ባዶ ሲሆን የኮንሶዋ እናት ወደ እኔ ዞረው ልጃቸው ሐሙስ ሐሙስ የሚቀረው እሳቸው ገበያ ሲውሉ ሕፃኗን ስለሚጠብቅ መሆኑን ነገሩኝ። እኔ ሰነፍ ነው ብዬ መዝግቤው ነበር።

አባት፦

መምህርት፣ ስለ እውነተኛነትዎ አመሰግናለሁ። ግን ልጁ ለምን እንደሚቀር ለመጠየቅ ኩርኩፋ እስኪቀቀል መጠበቅ ነበረብን?

የእኔን ልንገርዎት። ኅዳር 29፣ በ1987 ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበት ዕለት ተብሎ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲከበር፣ የልጄን የአያት ስም አይተው ክትፎና ቆጮ መደቡባት። እኔ መርካቶ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ባለቤቴ ጎጃሜ ናት። ቆጮውን ከገበያ ገዝታ፣ ጨምቃ፣ ቃጫውን ከትፋ፣ ኮባ ፈልጋ ሌሊቱን ስትጋግር አደረች። የቅቤውን ዋጋ አላነሣም። ልጅቷ ሳህኑን ይዛ ፎቶ ተነሣች፤ አለቀ። (ቆጮው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ድንጋይ ነበር።) እኔን ማንም አብስል አላለኝም። ቤተሰብ ይሳተፍ ሲባል እናት ትድከም ማለት እየሆነ ነው።

መምህርቷ፦

በስም መመደቡ ጥፋት ነው፤ አልከራከርም። የቅዳሜው ግን ትርዒት አይደለም። ማንም ብሔሩ አይጠየቅም፤ የቤቱን ያመጣል፣ ቆሎም ይበቃል። ሥጋ አይገባም፣ ስለዚህ የክርስቲያን ነው የእስላም የሚለው ጥያቄ አይነሣም። አባቶችም ቢያበስሉ ደስ ይለናል።

አባት፦

ጾሙስ? በ2018 ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። ወላጅና ትምህርት ቤት የሚገናኙት በማዕድ ብቻ ከሆነ ሁለት ወር ልንዘጋ ነው። ልጆቹም ቢሆኑ ከ2012 ጀምሮ በከተማው ምገባ ቁርስና ምሳ አብረው ይበላሉ። አብሮ መብላት አልጎደለንም።

መምህርቷ፦

ለጾሙ መልስ የለኝም፤ እነዚያን ቅዳሜዎች እናልፋቸዋለን። ስለ ምገባው ግን ተሳስተዋል። አብረው የሚበሉት ልጆቹ ናቸው። ጭኮ ያመጡት እናት ከእርስዎ ብሎክ ሁለት መቶ ሜትር ርቀው ይኖራሉ። ስማቸውን ያውቃሉ?

አባት፦

አላውቅም። ይህንን ልተውልዎት።

እኔ የምለው ሌላ ነው። በሙከራው ቅዳሜ እኔም ነበርኩ። ሦስት ሰዓት ሙሉ «ይጣፍጣል» ተባባልን። ርእሰ መምህሩ ከሁሉም ሳህን ቀምሰው፣ አመስግነው ሄዱ። በወተመህ ስብሰባ ሁለት ጊዜ ያነሣሁት የሴት ልጆች መጸዳጃ ቤት ውኃ ጉዳይ ግን ዛሬም መልስ አላገኘም። ያን ቀን ላነሣው ስል አጠገቤ የተቀመጡት ሰው «ማዕድ ላይ?» ብለው በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። በስብሰባ ጊዜ የለም፣ በማዕድ ነውር ነው። ታዲያ መቼ ልናገር?