ጨቅላው ሸበተ

ሰሞኑን አንድ ውይይት ላይ ፀጉራቸው የነጣ አንድ አምራች ማይክ ጨበጡና፣ "ኢንዱስትሪያችን ገና ጨቅላ ነው፤ የገቢ ዕቃ ቀረጡ ለሦስት ዓመት ብቻ ይራዘምልን" አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ስንተኛው ሦስት ዓመት እንደሆነ መጠየቅ ነውር ነው።

ደግሞስ ዕቃ ገዢ ምን ሥራ አለው? አንቀልባውን ይዞ ይቁም እንጂ! በቀረጡ ሳቢያ በየዕቃው ዋጋ ላይ የምትጨመረው ለእሱ ሽርፍራፊ ናት። ለእሳቸው ስትጠራቀም ግን ጠበቃ ትቀጥራለች፣ ሹም ቤት ደጅ ታስጠናለች። ለሽርፍራፊ ብሎ ሰልፍ የሚወጣ ገዢ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ ግን ከሁሉም የማደንቀው የአሜሪካኖቹን "የዶሮ ቀረጥ" ነው። አውሮፓውያን በአሜሪካ ዶሮ ላይ ቀረጥ ጨመሩ። አሜሪካም ብድሯን ለመመለስ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ በብራንዲ፣ በድንች ስታርችና (ዶሮን ምን አገናኘው አትበሉኝ) በቀላል የጭነት መኪና ላይ ቀረጥ ጣለች። የመኪናው 25 በመቶ ነበር። የብራንዲውና የስታርቹ ቆይቶ ተነሳ። የተጣሉባቸው ዶሮዎች ተበሉ፣ የልጅ ልጅ ልጆቻቸውም ተበሉ። የመኪናው ግን 60 ዓመት አለፈው።

ጥበብ የመጣው ከዚህ ነው። የሰው መኪና የሚከፍለው 2.5 በመቶ ብቻ ነበር። አንድ አምራች ታዲያ የዕቃ ቫኖቹን ከባህር ማዶ ሲያስመጣ የኋላ መቀመጫና መስኮት ገጠመላቸው። ጉምሩክ ላይ "ሰው ጫኝ" ተብለው አለፉ። ወዲያው መቀመጫው ተነቀለ፣ መስኮቱ በብረት ተደፈነ። አስቡት፣ ማንም የማይቀመጥበት መቀመጫ ከነቀበቶው ውቅያኖስ ያቋርጣል! አንዱ ይሰፋዋል፣ አንዱ ያስረዋል፣ አንዱ ይነቅለዋል። ሦስት የሥራ ዕድል! ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 "ይሄማ ዕቃ ጫኝ ነው" ብሎ ደስታውን እስኪያበላሸው ድረስ።

እዚህ ላይ ሳቄ ያልቃል። ያገኘችው ገንዘብ ለልጆቿ ልብስና ጫማ የማይበቃት እናት በየጫማው ላይ ቀረጡን ትከፍላለች። ውይይቱ ላይ ግን የጠራት የለም። ከእሷ ቀምቶ ለባለፋብሪካ መስጠትን "አገር መውደድ" ማለት ዓይን ያወጣ ቅሚያ ነው።

ይቅርታ፣ ወደ ጭብጨባው ልመለስ። ሰውየው ከመድረክ ከመውረዳቸው በፊት አንድ ነገር ጨመሩ። እሳቸው በሚገዙት ጥሬ ዕቃ ላይ የተጣለው ቀረጥ፣ ያው ለሌላ ጨቅላ ተብሎ የተጣለው፣ "ኢኮኖሚውን እየገደለ ስለሆነ" ባስቸኳይ ይነሳ። ለእሱም አጨበጨብንላቸው።