ድሬዳዋ ሲደርስ ባቡሩ ቆመ

ካለፈው ክረምት ወዲህ ያነበብኳቸው ግለ ታሪኮች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። ባለታሪኩ ሚኒስትር ይሁን ዘፋኝ፣ ጄኔራል ይሁን የእግር ኳስ ሰው፣ በአንዱ ምዕራፍ ላይ በባቡር ተሳፍሮ ከተማችን ይደርሳል፤ ባቡሩ ይቆማል፤ ሙቀቱ ለጉድ ይሆናል፤ ባለታሪኩ እጁን በመስኮት ዘርግቶ ብርቱካን ይገዛና መንገዱን ይቀጥላል። ድሬዳዋ በታዋቂ ሰዎች ሕይወት ውስጥ ያላት ድርሻ ይኸው ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገርና አንድ ብርቱካን። ብርቱካኑን ስለሸጠችለት ልጅ የጻፈ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። እኛ ደግሞ የብርቱካን ሻጯ ዘመዶች ስለሆንን ነገሩ ይከነክነናል።

«እኛ» ስል ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ውስጥ ከአንድ የኒም ዛፍ ሥር ከቀትር በኋላ የምንሰበሰብ ስድስት ሰዎችን ማለቴ ነው። ጫቱም ሻዩም እንደየአቅማችን አለ፤ መጽሐፉ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። ከሽቶ እስከ ቴሌቪዥን በኮንትሮባንድ ያልገባ ዕቃ በሌለበት ከተማ፣ መጽሐፍ ደብቆ አስገብቶ ለማትረፍ የሞከረ ነጋዴ ስላልተገኘ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ባገኘን ቁጥር አንድ ቅጂ እናስመጣና በየተራ እናነበዋለን። መጽሐፉ ስድስተኛው ሰው እጅ ሲደርስ ሽፋኑ የሻይ ብርጭቆ ማኅተም በማኅተም ሆኖ፣ በየገጹ መካከል የደረቀ የጫት ቅጠል እንደ ዕልባት ገብቶበት፣ ከደራሲው ይልቅ የራሱ የመጽሐፉ ሕይወት ሊጻፍ የሚገባው ይሆናል።

በዕድሜ የሚበልጡን ዘመናቸውን በምድር ባቡር የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው፤ ሁላችንም በፈረንሳይኛው «ሼፍ»፣ አለቃ፣ እንላቸዋለን። ሼፍ ያለ እርሳስ አያነቡም። ልብ ወለድ ይሁን ግለ ታሪክ ግድ የላቸውም፤ የሚያርሙት ባቡሩን ብቻ ነው። ባለፈው ሰሞን በተቀባበልነው አንድ ታሪካዊ ልብ ወለድ ውስጥ ጀግናው ከሐረር ወደ ዐድዋ ሲዘምት፣ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ላይ ፍቅረኛውን ይሰናበታል። እንባው፣ ነጩ መሐረብ፣ የባቡሩ ፉጨት፣ አንድም የጎደለ ነገር የለም፤ እኔ ራሴ ዓይኔ እርጥብ ብሎ ነበር። ሼፍ ግን ኅዳጉ ላይ «ይህ ባቡር ገና አልመጣም» ብለው ጽፈዋል። እውነታቸውን ነው። የዐድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እዚህ የደረሰው ደግሞ በ1895 ዓ.ም. ነው። ያውም የታሰበው ሐረር ሊገባ ነበር፤ ተራራውን መውጣት ከባድ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ሲገኝ ከግርጌው ቀረ፤ የቀረበት ሜዳም «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ ድሬዳዋ ማለት ያ ሜዳ ነው። እንግዲህ ልጅቱ መሐረቧን ያውለበለበችው ሰባት ዓመት ቀድማ፣ በሌለ ከተማ፣ ለሌለ ባቡር ነው። ከዚህ የጸና ፍቅር የትም አላነበብኩም።

ሐረር የደረሰባት ከእኛም የባሰ ነው። የጁገልን ግንብ ያለፈ ደራሲ ሁሉ ጅብ፣ ራስ መኮንንና ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሳይገጥሙት አይወጣም። ጅቡ ቢያንስ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። ራስ መኮንን ግን የመጽሐፉ ጀግና ተራ በቅሎ ጠባቂም ቢሆን የአገር አስተዳደሩን ሥራ አቁመው ለግማሽ ምዕራፍ ይመክሩታል፤ ከመጋረጃው ኋላ ደግሞ ትንሹ ተፈሪ ብቅ ብሎ ስለ ሥልጣኔ ጥቅም አንድ የበሰለ ነገር ጣል ያደርጋል። ተፈሪ ኤጀርሳ ጎሮ ላይ የተወለደው ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ነውና፣ አባቱ ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ገና ሦስት ዓመት ከጥቂት ወር ነበረው። የእኔ የልጅ ልጅ በዚያ ዕድሜዋ ስለ ሥልጣኔ የምታውቀው ቢኖር «አልበላም» ማለትን ነው።

ራምቦ ደግሞ በልብ ወለዶቹ ውስጥ ሌሊት ሌሊት በኩራዝ ብርሃን ግጥም ይጽፋል፤ አንዲት የሐረር ቆንጆም በትካዜ ታየዋለች። ሰውየው በ1873 ዓ.ም. ሐረር ሲገባ ግን ግጥምን ከተወ ዓመታት አልፈው ነበር፤ የመጣውም የአንድ ቡና ነጋዴ ቤት ተቀጣሪ ሆኖ ነው። ለቤተሰቡ በሚጽፋቸው ደብዳቤዎች «ሰለቸኝ» ይላል፤ የሙያ መማሪያ መጻሕፍት ላኩልኝ ይላል፤ ስለ ገንዘብ ያማርራል፤ ባጭሩ ከአገሩ ርቆ የሚሠራ ማንኛውም የእኛ ልጅ እንደሚጽፈው ይጽፋል። በ1883 ዓ.ም. እግሩን ታሞ በቃሬዛ ወደ ዘይላ ወደብ ወረደ፤ ዓመቱ ሳይዞር ማርሴይ ላይ ሞተ። ዛሬ ለጎብኚ «የራምቦ ቤት» ተብሎ የሚታየው ያ ያማረ የእንጨት ቤት እሱ ከሞተ በኋላ አንድ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው። «ያልኖረበትን ቤት በስሙ ከጠራንለት፣ ደራሲው ያልጻፈውን ግጥም ቢያጽፈው ምን ነውር አለው?» ብዬ ተከራከርኩ። ሼፍ እርሳሳቸውን አንሥተው፣ «በባቡር መጣ ይላል?» ሲሉ ጠየቁ። «የለም፤ ከቅፍለት ጋር ነው የመጣው» አልኳቸው። «እንግዲያው ይለፍ» አሉ።

የግለ ታሪኮቹ ችግር የቀን ስሕተት ሳይሆን የሰዋስው ነው። እኔ 30 ዓመት ሙሉ አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ይህን ሳላስተውል ማለፍ አልችልም። ባለታሪኩ ትምህርት ቤት ሲከፈት «አስከፈትኩ»፣ ድልድይ ሲሠራ «አሠራሁ» ይላል፤ ነገሩ ወደ እስርና ወደ ግድያ ሲዞር ግን ግሡ በድንገት ተደራጊ ይሆናል፤ «ተወሰነ»፣ «ታሰሩ»፣ «እርምጃ ተወሰደ»። ማን ወሰነ? ማን አሰረ? በዚያ ዘመን ይህችን አገር ያስተዳድር የነበረው ተደራጊ ግሥ ሳይሆን አይቀርም። የዘፋኞቹና የተዋንያኑ ዘዴ ደግሞ ሌላ ነው፤ አንባቢው እንቅልፉን አጥቶ ወደሚጠብቀው የፍቅር ጉዳይ ሲደርሱ «ይህን ጊዜው ሲደርስ እገልጸዋለሁ» ብለው ያልፉታል። ባለታሪኩ 78 ዓመቱ ነው፤ ጊዜው ከየት በኩል እንደሚደርስ እንጃ። ያንን ያለፈበትን ቦታ የሚሞላው መሐል ላይ ያለው የፎቶግራፍ ክፍል ነው፤ እዚያ ሁሉም ሰው ከታዋቂ ሰው አጠገብ ቆሞ ይስቃል።

በሽታው ተላላፊ መሆኑን የተረዳሁት በራሴ ቤት ነው። ለከሰል የተሰጠኝን ገንዘብ መጽሐፍ አስመጣሁበትና፣ ባለቤቴ ስትጠይቀኝ ሳላስበው «ገንዘቡ ለሌላ አስቸኳይ ጉዳይ እንዲውል ተወስኗል» አልኳት። «ማን ወሰነ?» አለችኝ። ያነበብኳቸውን ባለሥልጣናት ሁሉ አንድ ቀን እሷ ፊት ባስቀምጣቸው ብዬ ተመኘሁ።

ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ መውቀጤ ግን አይደለም። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን የሕይወት ታሪክ ሁለት ጊዜ አንብቤ ሦስተኛውን ጀምሬያለሁ። በልጅነታቸው ሐረር ከራስ መኮንን ቤት ገብተው፣ ዐድዋን በልጅ ዓይን አይተው፣ ሩሲያ ተምረው የተመለሱት እኒህ ሰው ከማን ጋር እንደተጣሉና ማንን እንዳልወደዱ በአድራጊ ግሥ ነው የሚናገሩት። እዚሁ ሐረር ከተፈሪ ጋር ያደጉት ልዑል ራስ እምሩም ያዩትንና የሚያስታውሱትን ሲጽፉ ድምፃቸው አይጮህም፤ ሳይጮሁ ነው የሚደመጡት። የሁለቱም መጽሐፍ የታተመው እነርሱ ካለፉ ከዓመታት በኋላ መሆኑን ስነግራቸው ሼፍ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና፣ «አቦ፣ ጥሩ ግለ ታሪክ ለመጻፍ መሞት ያስፈልጋል ማለት ነው» አሉ። የዛሬዎቹ ታዋቂ ሰዎቻችን ለዚህ መሥዋዕትነት የተዘጋጁ አይመስለኝም።

ከመካከላችን ባጃጅ የሚነዳው ልጅ በስልኩ የውጭዎቹን ያነባል። የቴኒስ ተጫዋቹ አንድሬ አጋሲ በ2009፣ የእንግሊዙ ልዑል ሃሪ ደግሞ በ2023፣ በእነርሱ አቆጣጠር፣ ያሳተሟቸውን ሁለት ግለ ታሪኮች ከኋላ ሆኖ የጻፋቸው አንድ ሰው፣ ሞሪንገር የሚባል ጋዜጠኛ መሆኑን የነገረን እሱ ነው። ስለ አባታቸው ሁለቱም አምርረው ይናገራሉ፤ ብዕሩ ግን አንድ ነው። «ታዲያ ያለቀሰው የትኛው ነው?» አሉ ሼፍ። መልስ አላገኘንም።

ይህ ወሬ ግን ጣጣ አመጣብኝ። ከዛፉ ማዶ ሱቅ ያለው ጎረቤቴ ሰምቶ ኖሮ በማግስቱ ማለዳ ቤቴ መጣ። 30 ዓመት «አንተ» ሲለኝ የኖረ ሰው በዚያ ቀን «እርስዎ» ስላለኝ ብድር ሊጠይቅ መስሎኝ ደነገጥኩ። በድሬ አንቱታ ያለ ምክንያት ከሰው አፍ አይወጣም። «መምህር፣ ሕይወቴን ይጻፉልኝ» አለኝ። የመጀመሪያው ምዕራፍ በድህነት መወለዱን፣ ሁለተኛው ምዕራፍ ፎቅ መሥራቱን ይተርካል። በሁለቱ መካከል ምን ሆነ ብዬ ብጠይቀው፣ «እዚያ ላይ ‹በብዙ ጥረት› ብለው ይለፉት» አለኝ። አያቱ ዐድዋ መዝመታቸውንም እንዳልረሳ አደራ አለኝ፤ ዘምተው እንደሆነ ብጠይቀው «የማን አያት አልዘመተም?» ብሎ አፌን አስያዘኝ። እንዳለኝ ጻፍኩት። አያቱን ጨምሮ አራት ገጽ ሆነ።

አራቱን ገጽ ከዛፉ ሥር ሳነብ የሰሙት ሼፍ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። «ይሄ ‹በብዙ ጥረት› የሚለው እኔ ፉርጎ ውስጥ ነው የሆነው» አሉና ጀመሩ። አንድ ቀን፣ ሰውየው ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ከድንበሯ ከተማ ከደወሌ ሲሳፈር ቀጭን የነበረ ልጅ ድሬዳዋ ሲደርስ በርሜል አክሎ ይታያል። ከጅቡቲ የመጡ አዳዲስ ሸሚዞችን በላይ በላይ ደርቦ ለብሷቸዋል። እጆቹ ከጎኑ አልጠጋ ብለው እንደ ጴንግዊን ተዘርግተዋል። የፊናንስ ፖሊስ ፍተሻ ጀመረ፤ ባቡሩ በፀሐይ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ሙቀቱ፣ እንደተለመደው፣ ለጉድ ነበር። ልጁ ላቡ ከግንባሩ ሲወርድ ቆይቶ ድንገት ዘፍ ብሎ ወደቀ። ፖሊሱ አዝኖ አየር እንዲያገኝ የሸሚዙን ቁልፍ ቢፈታለት ከሥር ሌላ ሸሚዝ፤ እሱን ቢፈታ ሌላ። «አሥራ አንደኛው ላይ ሲደርስ ፖሊሱ ራሱ ውኃ ጠየቀ» አሉ ሼፍ።

እኛ በሳቅ ስንንፈራፈር ጎረቤቴ ከኋላችን ቆሞ ሲሰማ ኖሯል። ፊቱ ቀልቷል። ሊቆጣ ነው ብለን ዝም ስንል፣ «አሥራ አንድ አይደለም፤ አሥራ አራት ነበር» አለ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው። መስኮቱ ሥር ብርቱካን የምትሸጥ ልጅ ወደ ፉርጎው ገብታ፣ ብርቱካን አፉ ላይ ጨምቃለት እንደነቃ፣ ፖሊሱም የሰው ነፍስ ያጠፋ መስሎት ደንግጦ ሸሚዞቹን እንደተወለት ነገረን። «የዚያን ብርቱካን ዋጋ እስከ ዛሬ እየከፈልኩ ነው» አለና ወደ ሱቁ ዞር ብሎ አየ፤ ባለቤቱ ሂሳብ ስትሠራ ከርቀት ትታያለች።

ስንት ዓመት የፈለግኋትን ልጅ አገኘኋት። «ይህን እንጻፈው» አልኩት። «ምን ነካዎት መምህር! ግለ ታሪክ ላይ እውነት ይጻፋል እንዴ? ልጆቼ ምን ይላሉ? ጉምሩክስ?» አለኝ። እንግዲያው ታሪካዊ ልብ ወለድ እናድርገው፤ ስምህን እለውጣለሁ፤ ያኔ ሸሚዞቹም ብርቱካኑም ያለ ፍርሃት ይገባሉ፤ አያትህንም ከዐድዋ እመልሳቸዋለሁ አልኩት። ሁለት ቀን አስቦ እሺ አለኝ። ሼፍም ባቡሩ ከደወሌ የተነሣበትንና እዚህ የገባበትን ሰዓት እርሳቸው እንዲሞሉት ቃል አስገብተውኝ ተስማሙ። ክረምቱን ጻፍኩ፤ 200 ገጽ አለፈ፤ ጎረቤቴም አንዱን ምዕራፍ ከሌላው አስከትሎ እየተቀበለ እያነበበ ወደ «አንተ» ተመለሰልኝ።

ባለፈው ሳምንት ግን ፊቱ ጠቁሮ መጣ። መጽሐፉን ወድዶታል፤ የተለወጠው ስም ግን እንቅልፍ ነስቶታል። «ሰው እኔ መሆኔን በምን ያውቃል?» አለ። «እንዳትታወቅ አይደለም እንዴ የለወጥነው?» ስለው፣ «እሱማ ልክ ነው» አለና ከኪሱ ፖስታ አወጣ፤ ውስጡ በሱፍና በከረባት፣ አገጩን በእጁ ደግፎ የተነሣው ትልቅ ፎቶግራፍ አለ። «ስሙ ይቀየር፤ ይሄ ግን ሽፋኑ ላይ ይውጣልኝ።»

ሼፍ ፎቶግራፉን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አዙረው ብዙ አዩት። ከዚያ ገለበጡትና ከጀርባው በእርሳስ «ያን ቀን ከዚህ ይወፍር ነበር» ብለው ጻፉበት።