የዝናብ ውሃው ናሙና መቼ ነው የሚወሰደው?

አንድ ያነበብኩት ጽሁፍ ከፋብሪካ ግቢ የሚወጣውን የዝናብ ውሃ መቆጣጠር ለባለሀብት ሸክም ነው ይላል፣ ግን ዋናውን ነገር ዘሎታል ባይ ነኝ። ግቢው ላይ የከረመው ዘይት ምናምን፣ የብረት ብናኝ፣ የፈሰሰ ኬሚካል አብዛኛው ታጥቦ የሚሄደው ዝናቡ እንደጀመረ ስለሆነ ተቆጣጣሪው ዘግይቶ መጥቶ የናሙና ጠርሙሱን ቢሞላ ንጹህ ነው ብሎ ፈርሞ ነው የሚሄደው። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ሕጋቸውን አሻሽለው ይሄን ፍሳሽ ፈቃድ የሚያስፈልገው አደረጉት፣ የፌደራሉ ፈቃድ ደሞ ናሙናው ፍሳሹ በጀመረ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይወሰድ ይላል፣ ካልተቻለ ከዛ በኋላ ቶሎ ብሎ ወስዶ ለምን እንደዘገየ መጻፍ ነው። ወጪውስ ለሚሉት፣ ሁሉም ነገር እኮ ማጣሪያ መትከል አይደለም፣ ቁርጥራጭ ብረቱን ጣራ ስር ማስገባት ብቻ ስንቱን ይቀንሳል (ጣራው ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ከሆነ እሱም ዚንክ ይለቃል እንግዲህ)።