ማስተካከያ፦ የአርሰናል ሴቶች ዋንጫ ሁለተኛቸው ነው

ባለፈው ስለ አርሰናል የሴቶች ቡድን ስጽፍ ሁለት ስህተት ሠርቻለሁ። አንባቢዎቼን ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2025 ሊዝበን ላይ ባርሴሎናን 1 ለ 0 አሸንፈው ያነሱትን የቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ «የመጀመሪያቸው» ብዬው ነበር። አይደለም፣ ሁለተኛቸው ነው። የመጀመሪያውን በ2007 የስዊድኑን ኡሜኦ በደርሶ መልስ 1 ለ 0 ረትተው ወስደዋል። ያኔ ውድድሩ የሚጠራው በሌላ ስም ነበር፤ የአውሮፓ የሴቶች ዋንጫ ይባል ነበር። ብቸኛዋን ጎል ያገባችው ተከላካይዋ አሌክስ ስኮት ናት። ያውም ከሜዳቸው ውጪ፣ በባከነ ሰዓት! እንዲህ ያለ ታሪክ መዝለሌ በጣም ቆጭቶኛል።

ሌላው፣ የሊዝበኗን ጎል ቤት ሚድ አገባች ብያለሁ። ሚድ ኳሷን አቀበለች እንጂ በ74ኛው ደቂቃ ያስቆጠረችው ስዊድናዊቷ ስቲና ብላክስቴኒየስ ናት።