ንግሥቴን ላንሳልዎት?

ቼዝ ላይ አቅሙ ከማይመጣጠን ሰው ጋር መቀመጥ ለሁለቱም ቅጣት ነው። አሸናፊው ያዛጋል። ተሸናፊው ደግሞ ድንገት አስቸኳይ ስልክ ይደወልለታል። ነገሩ በስሌትም የታወቀ ነው። የተጫዋቾችን አቅም በነጥብ በሚለካው በኤሎ አቆጣጠር 400 ነጥብ የሚበልጥህ ሰው ከ10 ጨዋታ 9 ነጥብ ገደማ ይወስዳል ተብሎ ይጠበቃል። የተረፈችውን አንዷን ለመልቀም ማን እሑዱን ሙሉ ይገተራል?

መድኃኒቱ ድሮ ተገኝቷል። ጎበዙ ከራሱ ጦር ፈረስ ወይም ንግሥት አንስቶ ይጫወታል፤ ያኔ ይመጣጠናሉ። ይሉኝታ የሌለበት አገር ቢሆን ማለቴ ነው።

እኛ ሰፈር ፀጉር ቤቱ በረንዳ ላይ ጡረታ የወጡ መምህርና ስልኩ ላይ ቼዝ ሲጫወት የሚያድር ጎረምሳ ይገጥማሉ። ልጁ በቅን ልቦና፣ «ጋሼ፣ ንግሥቴን ላንሳልዎት?» አላቸው።

ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። «መጀመሪያ የጠጣህበትን ስኒ አንሳ!»

በሙሉ ጦር ገጠሙ። ጋሼ ገና ሳይሞቃቸው ንግሥታቸውን አስበሉ። «ፀሐዩ ዓይኔን ያዘኝ እኮ» አሉ። ጥላ ሥር ነበርን።

ኩራቱ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው የቼዝ ሊቅ ፖል ሞርፊ በ1859 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ አንድ ወታደር ቀንሼ፣ የመጀመሪያውንም እንቅስቃሴ ለተጋጣሚዬ ለቅቄ ከማንም ጋር እጫወታለሁ ብሎ ለዓለም አስታወቀ። እሺ ያለው አልተገኘም። ቢሸነፉ ከነስጦታው ተሸነፉ ሊባል፣ ቢያሸንፉም በስጦታ ነው ሊባል፤ ማን ይሞኛል?

የድሮ ሰዎቻችን ግን ብልሃት ነበራቸው። ሰንጠረዥ በሚባለው በአገራችን የጥንት ቼዝ ንጉሥ የተያዘበት መንገድ ራሱ ክብር ነበረው። በደር፣ ማለትም ዛሬ ግንብ በምንለው፣ መያዝ ብዙም አያስወድስም ነበር። በፈርዝ፣ ማለትም ዛሬ በንግሥት ቦታ በሚቆመው ደካማ ጠጠር፣ ወይም በመደቅ፣ በተራ ወታደር፣ መያዝ ነበር የሚያስጨበጭበው። ጎበዙ ሙገሳ ከፈለገ በከባዱ መንገድ ይሂድ፤ ደካማው እስከዚያው ይተነፍሳል። ማንም ለማንም ምንም አላነሳም፣ ማንም አልተዋረደም። ይሄን ያወጣው ሰው ቼዝ ብቻ ሳይሆን አማት ጋር መኖርም ያወቀ ይመስለኛል።

ተመልካችም ቢሆን በሥርዓት ከተያዘ ይጠቅማል። ለደካማው ብቻ ምከሩ ብትሏቸው ጨዋታው ይስተካከል ነበር። የእኛዎቹ ግን ለሁለቱም ይመክራሉ፤ ፀጉሩን ለሚቆረጠውም ጭምር።

ጎረምሳው መላውን ያገኘው ሰዓት ላይ ነው። አንድ ቀን ደቂቃው ቀድሞ ያለቀበት የሚሸነፍበትን የቼዝ ሰዓት ይዞ መጣና፣ «ጋሼ፣ ለእርስዎ 10 ደቂቃ፣ ለእኔ 2 ይሁን። እኔ ችኩል ነኝ፤ ሲረዝምብኝ እንቅልፌ ይመጣል» አላቸው።

«የዘመኑ ልጅ ትዕግሥት የለውም» አሉና ተቀበሉ። ከሰሌዳው ምንም አልጎደለማ!

ያን ቀን እውነተኛ ጨዋታ አየን። ልጁ እጁ እየተንቀጠቀጠ ወታደሮቹን ይጥላል፤ ጋሼ አገጫቸውን ይዘው ያስባሉ፤ ፀጉር ቆራጩ እንኳን መቀሱን ይዞ ወጣ። ጋሼ በሚቀጥለው እንቅስቃሴ ሊያዙ ሲሉ የልጁ 2 ደቂቃ አለቀች።

ጋሼ ተነሡ፣ ኮታቸውን አራገፉ፣ ከዚያ ላገኙት ሁሉ ወሬውን አዳረሱ፦ «ያን ጉረኛ በሁለት ደቂቃ ጨረስኩት!»