ይድረስ ለክቡር የሞተር ሳይክሌ የኋላ ጎማ

ጉዳዩ፦ ቸርኬውን በሰላም እንዲለቁ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ወገቤን ከማመሙና የጣቶቼ ቆዳ ከመላጡ በቀር፣ ለሚጠሉኝ ሁሉ ደህና ነኝ።

ጉዳዩን አደባባይ ያወጣሁት በግል ተነጋግረን ስላልተግባባን ነው። ጎረቤት ሁሉ ሰምቶናል። እርግጥ የተናገርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ እርስዎ ትልቅ ስለሆኑ ዝም ብለው አዳመጡኝ።

የፊተኛው ወንድምዎ ዘንጉ ከተመዘዘና ገመዶቹ ከተፈቱ እሺ ብሎ ይወጣል። እርስዎ ግን እንደ ድሮ መኳንንት ያለ አጃቢ አይንቀሳቀሱም። መጀመሪያ የፍሬኑ ዘንግ ይፈታ፤ ቀጥሎ ፍሬኑን ወጥሮ የያዘው ብረት፤ ከዚያ የካቴናው ማስተካከያ ይላላ፣ ካቴናው ከጥርሱ ይውረድ። ትልቁ ዳዶ ደግሞ ቁልፉ ላይ ሰው ካልቆመበት አይሰማም። ዋናው ዘንግ ሲመዘዝ አንዲት ትንሽ የብረት ቀለበት ዱብ ትልና ሞተሩ ሥር ትገባለች። በየትኛው ወገን እንደነበረች የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ አይመሰክሩም።

ነፋስዎ ወጥቶም ጠርዝዎ ከቸርኬው አልላቀቅ አለ። ቆምኩብዎት፣ ዘለልኩብዎት። የጎረቤቴ ፒክአፕ ሥር ተኝተው፣ ክሪክ ሲጫንዎት ነው "ጧ!" ብለው የተነፈሱት።

ምስጢርዎን ግን ደርሼበታለሁ። የቸርኬው መሐል ጎድጓዳ ነው። በወዲያ በኩል ያለውን ጠርዝ ተንበርክኬ ወደ ጎድጓዳው ከጨፈለቅሁት፣ በወዲህ በኩል የጎማ ማውጫው ብረት ያለ ትግል ያወጣዎታል። ጎሚስታው ስልክ እያወራ የሚጨርሰው ለዚህ ነው፤ ክንዱን አይደለም፣ ክብደቱን ነው የሚጭንብዎት። ተተኪዎ ከእርስዎ ሳይማር አልቀረም፣ የመጨረሻዋ ስንዝር ላይ አዲሱን ካላማዳሪ በብረቱ አስነክሶ ሊበሳ አድብቷል። አልተሳካለትም፤ ካላማዳሪው ትንሽ ተነፍቶ ክብ ሆኖ ነው የገባው፣ ጠርዙም የሳሙና ውሃ ጠጥቷል።

ዘርዎን ብቆጥር፣ እ.ኤ.አ. በ1888 ቤልፋስት ከተማ የነበረው ጆን ቦይድ ደንሎፕ በነፋስ ለሚሞላ ጎማ የፈጠራ መብት ያወጣው ለልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት ብሎ በጀመረው ሥራ ነው። ሰውዬው የእንስሳት ሐኪም ነበር። አሁን ገባኝ፦ እርስዎን ለመያዝ የሚራገጥ በሬ ጠልፎ መጣል የለመደ እጅ ያስፈልጋል።

ዕድሜዎንም አይደብቁኝ። ጎንዎ ላይ 2319 ተጽፏል፤ የ2019 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ማለት ነው፣ በፈረንጅ። ሻጩ ግን "ትናንት ከኮንቴይነር የወረደ" ብሎ ምሎልዎት ነበር። የወዳጅ ብዛት!

ስለዚህ ካቴናው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ላልቶ፣ የማስተካከያው ምልክቶች ግራና ቀኝ እኩል መጥተው ተተኪዎ ሥራ እንደጀመረ፣ የጡረታ መኖሪያዎ ምናለሽ ተራ መሆኑን በአክብሮት አሳውቃለሁ። በረባሶ ይሆናሉ ብዬ እንዳላጽናናዎ፣ ለበረባሶ እንኳ ጠባብ ነዎት።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለፊተኛው ጎማ፣ ለማስጠንቀቂያ
ለጎረቤቴ፣ ክሪኩ ነገ ይመለሳል