ለአዲስ ጠመንጃ ይሄ ሁሉ ውልወላ?
"አዲስ ጠመንጃ የመጀመሪያዎቹን 20 ጥይቶች ስትተኩሱ ከየተኩሱ በኋላ አፈሙዙን ካልወለወላችሁት ይበላሻል" የሚለው ምክር ላይ አልስማማም። እዚህ ኮሎራዶ ለአደን ሁለት የፋብሪካ ጠመንጃ ገዝቻለሁ። አንዱን እንደተባለው በየጥይቱ ወለወልኩት፣ ሌላውን ዝም ብዬ ተኮስኩበት፣ ልዩነት አላየሁም። የፋብሪካ አፈሙዝ ውስጡ እንደ ውዶቹ በእጅ አይለሰልስም፤ የመቁረጫው ጭረት ስለሚቀር የጥይቱን መዳብ እየፋቀ ይይዛል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የመዳብ ማስለቀቂያ ተጠቅማችሁ ጨርቁ ሰማያዊ ሆኖ ቢወጣ አትደንግጡ፣ እየተተኮሰ ሲሄድ ይቀንሳል። ከመጀመሪያው ተኩስ በፊት ግን የፋብሪካውን ዘይት ጠርጎ ማውጣት ግድ ነው። ከላይ "አዲሱ ጠመንጃዬ በ100 ያርድ ጥይቶቹን 2 ኢንች ተኩል ይበትንብኛል፣ ልመልሰው ነው" ያልከው ወንድሜ፣ እባክህ አትቸኩል። መጀመሪያ ጥይት ቀይር። የኔ 308 ካሊበር ጠመንጃ በ150 ግሬን (የጥይቱ ራስ ክብደት መለኪያ ነው) ልክ እንዳንተው ይበትን ነበር፣ ከበድ ያለውን 168 ግሬን ሳጎርሰው ወደ አንድ ኢንች ገደማ ሰበሰበ። ደግሞ ቀጭን የአደን አፈሙዝ ቶሎ ይግላል፣ ሲግል ይበትናል፤ በየሦስት ጥይቱ አቀዝቅዘው። የማነጣጠሪያ መነጽሩን ብሎኖችም ፈትሻቸው፣ የኔ አንዱ ላልቶ ነበር።